ከጥማድ እስከ ካሬ፦ የአትክልት ቦታ ንድፍ ቃላት አጭር ታሪክ

1. መነሻ

አንድን የአትክልት ቦታ ከመቆፈር አስቀድሞ በባለካሬ ወረቀት ላይ በልክ መንደፍ ቀላል ሥራ ነው። እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ሜትርና አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃዋል። ይህንኑ ሥራ በአማርኛ ለማስረዳት ብዕሩን ያነሣ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይቸገራል። ችግሩ የቃል ዕጦት አይደለም፤ ቃላቱ እንዲያውም በርካታ ናቸው። ችግሩ እያንዳንዱ ቃል ከሌላ የሥራ መስክ የመጣ፣ የመጣበትንም መስክ ትርጉም ይዞ የቀረ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የእነዚህን ቃላት አመጣጥ ሲሆን፣ ታሪካቸው ለዛሬው የስያሜ ሥራ ምን እንደሚያስተምር በመጨረሻ እናመለክታለን።

ለጥናቱ መነሻ የሆነን የራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት ቤት የአትክልት ክበቦች የተዘጋጀ አንድ አነስተኛ መምሪያ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተጠይቀን ነበር። ስለ ንድፍ አሠራር በሚናገረው ክፍል ውስጥ «በ1 ለ50 መስፈርት አንድ ሜትር ሁለት ካሬ ነው» ብለን ጻፍን። የወረቀቱ እያንዳንዱ ካሬ ጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ አባባሉ ለእኛ ግልጽ መስሎ ታየን፤ አራሚውም አላረመው።

ከዚያ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደ እንጅባራ ሄድን። እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ትገኛለች። ቀድሞ ኮሶበር በሚል ስም ትታወቅ ነበር። ቀርቀሃ፣ ገብስና ድንች የሚስማማው ደጋ ነው። በዚያ በአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ ተማሪዎች የእኛን መምሪያ ይዘው የድንች መደብ ሲያወጡ አገኘናቸው። መምሪያው የመደቡን ስፋት 6 ካሬ ሜትር ያደርገዋል፤ ይኸውም ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 1.50 ሜትር ማለት ነው። ተማሪዎቹ ስድስቱን በሁለት አባዝተው በወረቀቱ ላይ 12 ካሬ ከለሉ፤ ሦስት ካሬ በወርዱ፣ አራት ካሬ በርዝመቱ። ችካል ተተከለ፤ ሲባጎ ተወጠረ፤ መደቡም ተቆፈረ። የተቆፈረው ግን ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ብቻ ነበር። በአገራችን ለድንች የሚመከረው ርቀት በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ሁለት መስመር ወጥቶ 26 የዘር ድንች ሊተከል ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ 12ቱ ተተክለው 14ቱ በቅርጫት ቀሩ።

ልጆቹ በስሌት አልተሳሳቱም። «አንድ ሜትር ሁለት ካሬ» ከሆነ፣ ስድስት «ካሬ ሜትር» ዐሥራ ሁለት ካሬ መሆኑ በቃሉ አመክንዮ ትክክል ነው። በ1 ለ50 ንድፍ አንድ ሜትር ርዝመት ሁለት ካሬ ሲሸፍን፣ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ግን አራት ካሬ ይሸፍናል። ርዝመትንና ስፋትን በአንድ ቃል ያቀላቀልን እኛ ነን።

2. የአካልና የበሬ ልክ

የአማርኛ የልኬት ቃላት ጥንታዊው ክፍል ከሰው አካል የተወሰደ ነው። ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድና እርምጃ እንኳንስ በገጠር በከተማም ዛሬ ድረስ ያገለግላሉ። ክንድ በግእዙ «እመት»፣ ስንዝር ደግሞ «ስዝር» እንደሚባል የመጻሕፍት አንባቢ ያውቀዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 40 የመቅደሱን ልክ የሚተርከው በዚሁ በክንድ ነው።

የእርሻ መሬት ሲሆን መለኪያው ከሰው አካል ወደ በሬ ጉልበት ይሻገራል። «ጠመደ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ጥማድ» መጀመሪያ የሚያመለክተው በአንድ ቀንበር የተጠመዱትን ሁለት በሬዎች ነው። ከዚያም በእነርሱ በአንድ ቀን የሚታረሰውን መሬት ስም ሆነ። በጎጃም አንድ ጥማድ በአማካይ ሩብ ሄክታር ያህል እንደሆነ ይገመታል። ይሁን እንጂ የመሬቱ ተዳፋትነት፣ የአፈሩ ጥንካሬና የበሬዎቹ ብርታት ልኩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ስለሆነም ጥማድ የቦታ ስፋት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ጊዜንና ድካምን የያዘ ቃል ነው።

የእነዚህ ቃላት ሁሉ የጋራ ባሕርይ መለኪያው የሚለካውን ነገር መንካቱ ነው። ስንዝሩ ጨርቁ ላይ ያርፋል፤ ክንዱ ግንዱ ላይ ይዘረጋል፤ ጥማዱ አፈሩ ላይ ይሄዳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድን ነገር አሳንሶ በሌላ ነገር ላይ ማሳየት ስለማያስፈልግ፣ ለማሳነስ ዝምድና የተለየ ስም አልወጣም። «ልክ» የሚለው ቃል ይህን በሚገባ ያሳያል። ልክ መጠንም ነው፤ ትክክለኛነትም ነው። «ልክ ነህ» ስንል አነጋገሩ ከነገሩ ጋር መግጠሙን እንመሰክራለን እንጂ አንዱ የሌላው አንድ መቶኛ መሆኑን አንናገርም። ከዚሁ ግሥ የወጣው «መለኪያ» ደግሞ በሰፊው የሚታወቀው የአረቄ መጠጫ ትንሿ ብርጭቆ ሆና መሆኑን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊዘነጋው አይገባም።

የጓሮ አትክልት ቃላትም እንዲሁ ከእጅ ሥራ የተገኙ ናቸው። ጓሮ፣ መደብ፣ ትልም፣ ቦይና እርከን የሚሉት አንድም ትርጉም አያስፈልጋቸውም። «መደብ» ከቤት ውስጥ የጭቃ መቀመጫና መኝታ ወደ ችግኝ ማፍያ ተሻግሯል፤ ሁለቱም ከወለሉ ከፍ ብለው የተደለደሉ ናቸውና ሽግግሩ ማንንም አላደናገረም። ከግእዝ የመጣው «ዐጸድ» ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ቅጥር ያለውን ግቢና የተክል ቦታ ያመለክት የነበረው ይህ ቃል ዛሬ በብዙኃኑ አንደበት በይበልጥ የሚሰማው «አጸደ ሕፃናት» በሚለው የትምህርት ቤት ስያሜ ነው። የጀርመኖቹን «የልጆች የአትክልት ቦታ» የሚል ስያሜ በቀጥታ ለመተርጎም ሲባል ዐጸድ ተጠራ፤ አትክልቱ ቀርቶ ሕፃናቱ ቀሩ።

3. ቃላድ፣ ወይም ገመድና ሥጋት

ከአካልና ከበሬ ልክ ቀጥሎ የመጣው የመንግሥት ገመድ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተለይ በደቡብ የአገራችን ክፍሎች መሬት በ«ቃላድ» ይለካ ጀመር። ቃላድ ርዝመቱ በግምት 66 ሜትር የሆነ ገመድ ነው። በእርሱ እየተለካ የሚወጣው ትልቁ የስፋት ክፍል «ጋሻ» ሲሆን፣ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ይደርስ ነበር። በዚህ አሠራር «ቃላድ» ከመሣሪያ ስምነት አልፎ የአለካክና የግብር ሥርዓት ስም ሆነ፤ የተለካ መሬትም «የቃላድ መሬት» ተባለ።

የርስት ሥርዓት በጸናበት በጎጃም ግን ገመዱ እንደ ልኬት መሣሪያ ሳይሆን እንደ ርስት ነቃይ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት መሬት ገማቾች ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሲላኩ ገበሬው በብዙ ወረዳዎች ዐመፀ። ከዐመፁ ምክንያቶች አንዱ ግመታው መሬትን ለመለካትና ርስትን ለማፍረስ የታሰበ ነው የሚል ሥጋት ነበር። በመጨረሻ መንግሥት ግብሩን በጎጃም ከማስከፈል ለማፈግፈግ ተገደደ።

ይህን ታሪክ እዚህ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከነባሩ ቃል ስያሜ ለማውጣት የሚሻ ባለሙያ «ቃላድ»ን ከተረሳበት አንሥቶ ለንድፍ ልኬት ሊያውለው ይችል ይሆናል። ቃሉ አጭር ነው፤ አገርኛ ነው፤ ለመርባትም አያስቸግርም። ነገር ግን ቃል ትዝታ አለው። መሬት መለካት ማለት መሬት ማጣት ሊሆን ይችላል ብሎ ለተከራከረ ትውልድ የልጅ ልጆች፣ ጓሮን በቃላድ መንደፍ የሚል መምሪያ መስጠት ተገቢ አይሆንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲደነገግ፣ «ሄክታር» የጋሻን ቦታ ወሰደ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር፣ በኋላም የማሳው ካርታ ሲታከልበት፣ የተለካ መሬት የመነቀል ሳይሆን የዋስትና ምልክት ወደ መሆን አዘነበለ። ንድፍን በወረቀት የማየት ልማድም በገጠሩ የገባው በአብዛኛው በዚህ በር ነው።

4. ንድፍ፣ ፕላን፣ ካርታ፣ መስፈርት

ሦስተኛው የቃላት ክፍል ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት የመጣ ነው። «ነደፈ» የሚለው ግሥ በግእዝ መውጋትን ያመለክታል። በአማርኛ ንብ ሰውን ትነድፋለች፤ ጥጥም በደጋን ይነደፋል። ከዚህ ወደ ሥዕል መነሻና ወደ ጽሑፍ ረቂቅ መሻገሩ ቃሉን አላጎደለውም፤ ጥጡ ከመፈተሉ በፊት እንደሚነደፍ ሁሉ ቤቱም ከመሠራቱ፣ ጓሮውም ከመቆፈሩ በፊት ይነደፋልና። «ንድፍ» ስለዚህ ከዚህ መስክ ቃላት ሁሉ በደንብ የገጠመው ነው ማለት ይቻላል።

«ፕላን» በአንድ ወቅት ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ የጊዜ መርሐ ግብርም የቦታ ሥዕልም ነበር። የመጀመሪያውን ትርጉም «ዕቅድ» እየወሰደው ሲሄድ፣ ሁለተኛው ለ«ፕላን» ቀረለት፤ ዛሬ «የቤት ፕላን»ና «ማስተር ፕላን» ስንል ማንም አይሳሳትም። ከጣሊያንኛ የመጣው «ካርታ» ደግሞ በከተማ ነዋሪው አነጋገር የቦታ ባለይዞታነት ማስረጃ ሆኗል። «ካርታ አለው» የተባለ ሰው ጂኦግራፊ የሚያስተምር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «መስፈርት» ነው። ግሡ «ሰፈረ» በግእዝ ለካ ማለት ነው። በአማርኛም እህል በቁና ይሰፈራል፤ ዕቃውም መስፈሪያ ይባላል። ይኸው ግሥ በሌላ በኩል ሕዝብ ወይም ጦር በአንድ ቦታ መቀመጡን ይገልጻል፤ «ሰፈር»ም ከእርሱ ነው። የጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት «የካርታ መስፈርት» ሲሉ ቃሉን በወረቀትና በመሬት መካከል ላለው ዝምድና ስም አደረጉት። በአስተዳደር ቋንቋ ግን «መስፈርት» መመዘኛ ሆኖ እጅግ ተስፋፋ፤ የመግቢያ መስፈርት፣ የመምረጫ መስፈርት፣ የጥራት መስፈርት እንላለን። ስለዚህ «በ1 ለ50 መስፈርት ንደፉ» የተባለ አንባቢ ማሟላት ያለበት ግዴታ የተነገረው ይመስለዋል።

ቁጥሩም ራሱን የቻለ ችግር አለው። በሒሳብ መማሪያ «ውድር» የሚባለውን ዝምድና የእርሻ መምሪያ «1 ለ50» ብሎ ሲጽፍ ገበሬው የሚያስበው መድኃኒት በውሃ ስለማቅጠን ነው። ከዚህም በላይ በ2000ዎቹ ዓ.ም. ገበሬዎች በጎረቤት የተቧደኑበት «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ስሙ በገጠሩ ጆሮ ቀርቷል። በእንጅባራ ያነጋገርናቸው አንድ አባት «አንድ ለሃምሳ» የሚለውን ሲሰሙ «አምስቱስ መቼ ተስማምቶ!» ብለው አሣቁን። ቀልዳቸው ግን ለእኛ ትምህርት ነበረበት። የመደቡን መስፈርት ስንነግራቸው እርሳቸው የሰሙት የሰዎችን ድርጅት ነው።

በንድፍ የሚታየው ቦታ እያነሰ በሄደ ቁጥር የመስፈርቱን ምንነት መግለጽ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። የአገራችን የታወቀው የመልክዐ ምድር ካርታ በ1 ለ50,000 የተዘጋጀ ሲሆን፣ በእርሱ ላይ የ20 ሜትር ጓሮ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰች ነጥብ ናት። በ1 ለ100 ግን ያው ጓሮ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በአንድ ደብተር ገጽ ላይ ይዘረጋል፤ ድንቹ፣ ጎመኑና ነጭ ሽንኩርቱ እያንዳንዱ ስሙ ይጻፍበታል። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በስዊዘርላንድ በቅዱስ ጋል ገዳም የሚጠበቀው፣ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ በብራና ላይ የተነደፈው የገዳም ፕላን 18 የአትክልትና 16 የመድኃኒት ዕፀዋት መደቦችን ያሳያል፤ በየመደቡም የተክሉ ስም ተጽፎበታል። ነዳፊው ሥዕሉ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቃል እንደሚያስፈልገው ዐውቆ ነበር።

5. ካሬና ቤት

ንድፍን በካሬዎች መረብ ላይ ማሳረፍም ጥንታዊ ነው። የግብፅ ሠዓሊዎች በመቃብር ግድግዳ ላይ ሥዕላቸውን የሚያስተካክሉት መረብ አስምረው ነበር። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1136 በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ታዋቂ ካርታ እያንዳንዱ ካሬው 100 ሊ የሚባለውን የአገሪቱን ርቀት እንዲወክል ተደርጓል። በእኛ አገር መረቡ በስፋት የገባው በልጆች የሒሳብ ደብተር ነው። ሕፃናት ቁጥር መጻፍ የሚለማመዱበት «ስኩዌር ደብተር» በየሱቁ ይገኛል፤ «ግራፍ ወረቀት» ግን የቴክኒክ ትምህርት ቤትና የመሐንዲስ ቃል ሆኖ ቆይቷል። በባለካሬው ደብተር ላይ ጓሮ መንደፍ ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ በእጁ ባለው ዕቃ የሚሠራው ነው።

«ካሬ» የሚለው ቃል መነሻው ፈረንሳይኛ ነው። በአማርኛ ሦስት ትርጉም ይዟል። አንደኛ፣ አራት ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ቅርጽ ነው። ሁለተኛ፣ በወረቀት ላይ የተሰመረው መረብ አንዱ ክፍል ነው። ሦስተኛውና ዛሬ ሌሎቹን የዋጠው ደግሞ የስፋት መለኪያ ነው። በከተማ «200 ካሬ» የተባለ ቦታ 200 ካሬ ሜትር መሆኑን ማንም አይጠይቅም፤ «ሜትር» ከአነጋገሩ ተቆርጦ ወድቋል። በዚህ ምክንያት የእኛ «ሁለት ካሬ» በተማሪዎቹ ዘንድ የወረቀት ክፍልም የመሬት ስፋትም ሆነ።

መፍትሔውን ያገኘነው ከዚያው ከጓሮው ነው። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ተማሪዎቹ ንድፉን እንደገና ሲሠሩ፣ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «አይ፣ ሁለት ቤት ሲሞላ ነው አንድ ሜትር» ስትል ሰማናት። ቀጥላም ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች በርዝመት ስምንት ቤት፣ በወርድ ሦስት ቤት ቆጠረች፤ 24 ቤት ማለት ነው። በዚህ አቆጣጠር ካሬ የሚለው ቃል ስላልገባ ማንም አልተሳሳተም። መምህራቸውም እርማቱን በሰሌዳ ላይ የጻፉት በልጅቱ ቃል ነበር።

«ቤት» በዚህ ትርጉሙ ባዕድ አይደለም። የፊደል ገበታ በቤት ይቆጠራል፤ ግእዝ ቤት፣ ካዕብ ቤት እንላለን። በሒሳብ የአንድ ቤት፣ የዐሥር ቤት፣ የመቶ ቤት አለ። ግጥምም ቤት ይመታል። ለተሰመረ ክፍል፣ ሌላ ነገር ገብቶ ለሚቀመጥበት ቦታ፣ አማርኛ ቃሉን ከጥንት አዘጋጅቶት ነበር፤ እኛ ከመጻሕፍት ስንፈልግ ልጅቱ ከአንደበቷ አወጣችው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። ከዚህ ተነሥቶ ወረቀቱን «ባለቤት ወረቀት» ብሎ መሰየም አይቻልም፤ ሰሚው ወይ የይዞታ ማረጋገጫ ወይ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይመስለዋል። ወረቀቱ «ባለካሬ ወረቀት» ሆኖ ይቅር፤ ክፍሉ ግን ቤት ይባል።

6. መደምደሚያ

የአማርኛ የስያሜ ሥራ በተደራጀ መንገድ ከተጀመረ፣ ማለትም የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ባለሙያው ስያሜ ሲፈልግ በመጀመሪያ አማርኛን፣ ከዚያ ግእዝን፣ ከዚያም ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን መመርመር፣ በመጨረሻም ከውጭ መዋስ ተለምዷል። ይህ ቅደም ተከተል ዛሬም ተገቢ ነው። የአትክልት ቦታ ንድፍ ቃላት ታሪክ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ በሚውልበት ቦታ ከሌላው ትርጉሙ የሚለየው ቅጥያ ከሌለው አንባቢውን ያሳስታል።

ተናጋሪው ሕዝብ ይህን ዘዴ አስቀድሞ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ በሺምፐር አማካይነት ወደ አገራችን ገባ የሚባለው ድንች ዛሬ ያለ ቅጥያ ድንች ነው። የአገሩ ሥራ ሥር ግን እንደየቦታው የአገው ድንች፣ የወላይታ ድንች እየተባለ ይለያል። ማንም ኮሚቴ አልተሰበሰበበትም፤ በገበያ ላይ ሁለቱን ላለማምታታት ሲባል ብቻ አንድ ቃል ተጨመረ። እኛም በዚሁ መንገድ የስፋቱን ልክ ምንጊዜም «ካሬ ሜትር» ብለን በሙሉ እንድንጽፍ፣ የወረቀቱን ክፍል «ቤት» እንድንል፣ «መስፈርት»ንም ብቻውን ሳይሆን «የንድፍ መስፈርት» ብለን እንድናውለው፣ ከቁጥሩም ቀጥሎ «በወረቀት ሁለት ቤት፣ በመሬት አንድ ሜትር» የሚል ማብራሪያ እንዳይለየው እናሳስባለን።

ጉዳዩ በአማርኛ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። በእንጅባራና በአካባቢዋ የሚነገረው አውኚ፣ ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው የግሥ ጥናት በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ በሰፊው የታወቀው ይህ የኩሽ ቋንቋ፣ በብሔረሰብ አስተዳደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይሰጥበታል። ከአማርኛ ወደ አውኚ የሚመለስ መምሪያ የአማርኛውን ስሕተት ይዞ ይሻገራል፤ የድንቹ ልጆችም ጓሮውን የሚቆፍሩት በአማርኛ ብቻ አልነበረም፣ በሥራው መካከል እርስ በርሳቸው በአውኚ ሲነጋገሩ «ካሬ»ና «ሜትር» እንዳሉ ሲገቡበት ሰምተናል። በአንድ ቋንቋ የተዘራ አሻሚ ቃል በሁለት ቋንቋ ይበቅላል።

መደቡ በሁለተኛው ቀን ተስተካከለ። ልጆቹ ሲባጎውን በርዝመቱ ሁለት ሜትር ጨምረው ወጠሩ፤ በቅርጫት የቀሩት 14 የዘር ድንቾችም በየቦታቸው ገቡ። የእኛ መምሪያ ግን እስካሁን በሌሎች ትምህርት ቤቶች በቀድሞው ዐረፍተ ነገር ይነበባል። ይህን ጽሑፍ ለባልደረቦቻችን ያቀረብንበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ድንች በሁለት ቀን ይታረማል፣ የታተመ ቃል ግን ዓመታት ይፈልጋል።